የባሕር ዛፍ «መርዝ» እና የጉለሌ ጥድ፤ በአንድ የቈየ ክስ ላይ የቀረበ ሒስ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚታየው ተራራ የሁለት ዛፎች መከራከሪያ ሆኖ ከቈየ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። አንደኛው ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሁለተኛው የሐበሻ ጥድ ነው። ስለ ሁለቱ ሲነሣ በክፍል ውስጥ፣ በስብሰባ፣ በመመረቂያ ጽሑፍም ጭምር ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ክስ አለ። ክሱ እንዲህ ይላል፤ ባሕር ዛፍ ከቅጠሉና ከሥሩ መርዝ ያፈልቃል፤ መርዙ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ በአጠገቡ የተተከለው የጥድ ችግኝ ይህን የጠጣ እንደ ሆነ ቅጠሉ ብርሃንን ተጠቅሞ ምግቡን መሥራት ይሳነዋል፤ ስለዚህ ባሕር ዛፍ ባለበት ጥድ አይኖርም።

በዚህ ጽሑፍ የትኛው ዛፍ ይሻላል የሚለውን ጥያቄ አናነሣም። የምንመረምረው ክሱ የቆመበትን ማስረጃ ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ ለመናገር፣ ዕፀዋት የጎረቤታቸውን ብርሃን አስተፃምሮ የሚያግዱ ውሕዶች እንደሚሠሩ የተረጋገጠ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዝፍዝፍም በቤተ ሙከራ ዘርን እንደሚጐዳ ታይቶአል። ከእነዚህ ከሁለቱ ተነሥቶ «የጉለሌን ጥድ የከለከለው መርዝ ነው» ማለት ግን ከማስረጃው ያለፈ ንግግር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

፩. ጥዱ እንዴት ጠፋ

ክስ ሲሰማ አስቀድሞ ቀኑ ይጠየቃል። አዲስ አበባ በ1886 ስትቈረቈር የእንጦጦ ጥድ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ይቈረጥ ነበር። ዕንጨት እየጠፋ በመሄዱ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ግድም ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1890ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ያስመጣው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደ ሆነ በብዙ ጽሑፎች ተመልክቶአል። ሮናልድ ሆርቫት በ1968 በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ላይ ስለ አዲስ አበባ የባሕር ዛፍ ደን የጻፉትን ያነበበ ሰው ዛፉ ከከተማይቱ ዕድገት ጋር እንዴት እንደ ተሳሰረ ይረዳል።

ከዚህ የምናገኘው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ መጥረቢያ መጣ፤ ባሕር ዛፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «ባሕር ዛፍ ጥዱን አጠፋው» የሚለው አነጋገር ለእንጦጦና ለጉለሌ ተራራ በታሪክ በኩል አይጸናም። የሚቀረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጥዱ ከተቈረጠ በኋላ ለምን አልተመለሰም?

ለዚህ መልስ ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች ብዙ ናቸው። ባሕር ዛፍ ሲቈረጥ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ ጥድ ግን አያቈጠቍጥም። ጥድ የሚራባው በዘር ነው፤ እናት ዛፍ በሌለበት ዘር የለም። ጥድ ብርሃን የሚወድ ዛፍ ስለ ሆነ ከጥቅጥቅ ጥላ በታች በቀላሉ አያድግም። ከብትና ፍየል ችግኙን ይረግጣሉ፤ ይቀጥፋሉ። የባሕር ዛፍ ሥር ውሃውን ይሻማል። መርዝ ከተባለም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ አንድ ሆኖ ይገባል። የምንነቅፈው መርዝ በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱን ሳይሆን ሌሎቹ ሳይመረመሩ ብቻውን ጥፋተኛ መደረጉን ነው።

፪. ነገሩ ሊሆን የሚችል ነውን?

ክሱን በቅንነት ለመመዘን ተከሳሹ የተባለውን ለማድረግ ዐቅም ያለው መሆኑን ማየት ይገባል። ብርሃን አስተፃምሮ በቅጠል ውስጥ ክሎሮፕላስት በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይካሄዳል። ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ብርሃንን ይቀበላል፤ ውሃ ይከፈላል፤ ከውሃው የወጡት ኤሌክትሮኖች ፎቶሲስተም ቱ ከሚባለው ክፍል ተነሥተው ፕላስቶኪኖን ለሚባል ተሸካሚ ይተላለፋሉ። በመጨረሻም ቅጠሉ በቀዳዳዎቹ ካስገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራል። ይህን ሥራ አንድ የዕፅ ውሕድ ቢያንስ በሦስት መንገድ ሊያሰናክለው ይችላል።

አንደኛው መንገድ የኤሌክትሮኑን ጉዞ መዝጋት ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የገዛ አገራችን ማሽላ ነው። ማሽላ ከሥሩ ፀጕር ሶርጎሊዮን የሚባል ዘይታማ ውሕድ ያወጣል። ይህ ውሕድ ፕላስቶኪኖን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል፤ አትራዚን የተባለው የአረም ማጥፊያም የሚሠራው በዚሁ ቦታ ላይ ነው። በቤተ ሙከራ የተለካው ኃይሉ ከታወቁት የአረም ማጥፊያዎች ጋር የሚተካከል ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቀለሙን ማጥፋት ነው። በአዲስ አበባ ግቢዎችና መንገድ ዳር በቀይ አበባው የምናውቀው ቦትል ብራሽ የባሕር ዛፍ ዘመድ ነው። በ1977 በካሊፎርንያ አንድ የኬሚካል ኩባንያ ተመራማሪ ከዚህ ተክል በታች አረም ጥቂት መሆኑን ተመልክቶ ነገሩን ሲከታተል ሌፕቶስፐርሞን የሚባለው ውሕድ ተገኘ። ውሕዱ ክሎሮፊልን ከብርሃን ጉዳት የሚጠብቁት ቀለሞች እንዳይሠሩ ስለሚያደርግ ቅጠሉ እየነጣ ይሞታል። ሜሶትሪዮን የተባለው አረም ማጥፊያ የተወለደው ከዚህ ግኝት ነው።

ሦስተኛው መንገድ በዙሪያ የሚመጣ ነው። ውሕዱ ሥሩን ይጐዳል፤ የተጐዳ ሥር ውሃ አያቀርብም፤ ቅጠሉም ውሃ ለመቈጠብ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይገባ ሲቀር ብርሃን አስተፃምሮ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የታመመው ሥሩ ነው፤ ቅጠሉ የሚያሳየው የሥሩን ሕመም ነው።

እንግዲህ ዐቅሙ አለ። ነገር ግን እነዚሁ ምሳሌዎች ማስጠንቀቂያም ይዘዋል። ፍራንክ ዳያንና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባወጡት ጥናት ሶርጎሊዮን ካደገ ተክል ሥር ተነሥቶ ወደ ቅጠሉ እንደማይጓዝ አሳይተዋል። በብርጭቆ ውስጥ ክሎሮፕላስትን የሚያግድ ውሕድ በአፈር ላይ ሲሆን ክሎሮፕላስቱ ዘንድ ላይደርስ ይችላል ማለት ነው።

የጥቁር ዋልነት ዛፍ ውሕድ የሆነውን ጁግሎንንም እንመልከት። በ1979 ፈንክና ባልደረቦቻቸው ጁግሎን የአራት ዐይነት ኮኒፈር ችግኞችን ዕድገት እንደሚጐዳ ጻፉ። በ1993 ሄይልና ባልደረቦቻቸው ጁግሎን የአኩሪ አተር ቅጠልን ብርሃን አስተፃምሮ እንደሚቀንስ ለኩ። በ1988 ደግሞ ሽሚት ጁግሎንን እየበላ የሚኖር ባክቴሪያ ከአፈር ለይተው አወጡ። የመጀመሪያው ጥናት ኮኒፈር ይዞአል፤ የለካው ግን ዕድገትን ነው። ሁለተኛው ብርሃን አስተፃምሮን ለክቶአል፤ ተክሉ ግን አኩሪ አተር ነው። ሦስተኛው አፈር ሕይወት ያለው ነገር መሆኑንና መርዝን ሊፈታ እንደሚችል ያስታውሰናል። እነዚህን ከየቦታው ሰብስቦ እንደ አንድ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ሦስት ምስክሮች ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች የተናገሩትን አንድ ቃል አድርጎ የሚጽፍ ጸሐፊን ይመስላል።

፫. በአገራችን የተሠራው ምርምር

ወደ አገራችን ስንመለስ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሊሳነወርቅ ንጋቱና አንደርስ ሚከልሰን በ1993 አግሮፎረስትሪ ሲስተምስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። ጸሐፊዎቹ የሦስት ዐይነት ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፈው ዝፍዝፉን በሽምብራ፣ በበቆሎ፣ በአተርና በጤፍ ላይ ሞከሩ። በአብዛኞቹ ሰብሎች የዘሩ መብቀልና የለጋው ሥር ዕድገት ቀነሰ፤ ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ወይም ከ2.5 በመቶ ዝፍዝፍ ጀምሮ ታየ።

ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። ጥያቄው ዛፍና ሰብል በአንድ ማሳ ቢተከሉ ምን ይሆናል የሚል ነበር፤ ለዚያ ጥያቄ የሚገባ የመጀመሪያ እርምጃም ነው። ነቀፋችን ያረፈው ጥናቱን ካልሠራው ሥራ ላይ በሚያውሉት ጠቃሾች ላይ ነው። ከዚህ ጥናት ስለ ጉለሌ ጥድ የሚደመድም ሰው አራት ነገሮችን መመለስ አለበት።

አንደኛ፣ የተፈተኑት ሰብሎች ናቸው። ጥድ አልተፈተነም፤ ዝግባም አልተፈተነም። በተፈጥሮ የአገራችን የሆኑት ኮኒፈሮች ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የጤፍ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ለሚነካው ውሃ ሁሉ ስሱ ነው፤ ከእርሱ ተነሥቶ ስለ ሁለት ዓመት የጥድ ችግኝ መፍረድ አይቻልም።

ሁለተኛ፣ የተለካው መብቀልና ማደግ ነው። የሚበቅል ዘር ገና ብርሃን አስተፃምሮ አይሠራም፤ የሚመገበው በውስጡ ያከማቸውን ነው። ስለዚህ ዘር እንዳይበቅል የከለከለ ውሕድ ብርሃን አስተፃምሮን አግዶአል ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከተከሳሾቹ አንዱ የፈረንጅ ጥድ ነው። እርሱም ራሱ ኮኒፈር ሲሆን ዝፍዝፉ እንደ ባሕር ዛፎቹ ዘርን ጐድቶአል። ቅጠልን በውሃ ዘፍዝፎ ዘር ላይ ማፍሰስ በብዙ ዛፎች ጉዳት የሚያሳይ ዘዴ ከሆነ ባሕር ዛፍን ለይቶ የሚወነጅለው በምኑ ነው? የአገር በቀል ዛፎች ቅጠል ዝፍዝፍ በማነጻጸሪያነት ጐን ለጐን ያልቀረበበት ማንኛውም ሙከራ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም።

አራተኛው የመጠን ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። 1 በመቶ ዝፍዝፍ ማለት በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ቅጠል ማለት ነው። በአዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ይህም በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1,200 ሊትር ነው። ይህ ውሃ ሁሉ 1 በመቶ ዝፍዝፍ እንዲሆን በካሬ ሜትሩ ላይ በዓመት 12 ኪሎ ግራም ቅጠል መርገፍ አለበት። የባሕር ዛፍ ተከላ በዓመት የሚያረግፈው ግን በካሬ ሜትር ከ1 ኪሎ ግራም ብዙም አያልፍም። በአማካይ ከታየ እንግዲህ የቤተ ሙከራው መጠን ከተፈጥሮው ከዐሥር እጥፍ በላይ ነው።

ይሁን እንጂ በሒሳባችን ሌላውን ወገን መበደል አንፈልግም። አማካይ ሁሉን ነገር አይናገርም። በበጋ ወራት የረገፈ ግማሽ ኪሎ ግራም ቅጠል በ1 ካሬ ሜትር ላይ ተጠራቅሞ ቈይቶ የመጀመሪያው 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት፣ 20 ሊትር ውሃ 500 ግራም ቅጠል አገኘ ማለት ነው፤ ይህም 2.5 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ መርዝ ካለ ኃይሉ ሊታይ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦችና ቅጠሉ ሳይነሣ በቈየበት ቦታ ነው። ሙከራ የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ያንን ጊዜና ያንን ቦታ ነው።

፬. ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት

ይህ ክርክር በእኛ አልተጀመረም። አሌሎፓቲ የሚለውን ስም በ1937 ያወጣው ሐንስ ሞሊሽ ነው። በ1960ዎቹ በካሊፎርንያ ኮርኔልየስ ሙለርና ተማሪዎቹ በመዓዛማ ቍጥቋጦዎች ዙሪያ ሣር የማይበቅልበት ባዶ ቀለበት አይተው ምክንያቱ ከቅጠሉ የሚተን መርዝ ነው አሉ። ማብራሪያው በሰፊው ተቀባይነት አገኘ። በ1970 ግን ባርቶሎሜው በሳይንስ መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ቀለበቱን አጥሮ አይጥና ጥንቸል እንዳይገቡ ቢከለክል ሣሩ እንደሚበቅል አሳየ። እንስሳቱ ከቍጥቋጦው ሳይርቁ በዙሪያው ይግጡ ኖሮአል። መርዝ ቢኖርም ባይኖርም ባዶውን መሬት ለመግለጽ የጥንቸል ጥርስ ብቻውን ብዙ ይበቃ ነበር።

ስለ ባሕር ዛፍም ዴል ሞራልና ሙለር በ1969 እና በ1970 ባወጡአቸው ጥናቶች ከቅጠሉ በጉም ጠብታና በዝናብ የሚወርድ ጐጂ ነገር አለ ብለው ነበር። በ2021 ግን በአሜሪካን ጆርናል ኦፍ ቦተኒ የወጣው የካሊፎርንያ ምርምር በእኛ ተራራ ላይ ያለውን ያንኑ ነጭ ባሕር ዛፍ ወስዶ፣ በዚያ አገር ተወላጅ ዕፀዋት ላይ ቢሞክር ለክሱ ብዙም ድጋፍ አላገኘም።

አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ አሌሎፓቲ ተረት ነው እንዳይል የስዊድንን ምሳሌ እንጨምር። በዚያ አገር ኤምፔትረም የሚባል አጭር ቍጥቋጦ ባለበት የጥድ ወገን የሆነው የፓይን ችግኝ ይቀጭጫል። ማሪ ሻርሎት ኒልሶን በ1994 ባወጡት ጥናት ሁለት ነገር አደረጉ። ችግኙን በአፈር ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ከልለው የቍጥቋጦው ሥር እንዳይሻማው አገዱ፤ በሌላ በኩል አክቲቭ ካርቦን የሚባለውን የተጣራ ከሰል በመሬቱ ላይ በትነው መርዙን እንዲመጥጥ አደረጉ። በአንዳንዱ ቦታ አንዱን፣ በአንዳንዱ ሌላውን፣ በአንዳንዱ ሁለቱንም ተጠቀሙ። ውጤቱ ሽሚያውም መርዙም እያንዳንዱ ድርሻ እንዳለው አሳየ። መርዝ የተገኘው ሽሚያው ተለይቶ ከተለካ በኋላ ነው። በኮኒፈር ላይ እንዲህ ያለ ክስ እንዴት እንደሚመረመር ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ይህን ሥራ ቢያነብ ይጠቀማል።

፭. በተራራው ላይ የሚታየው

አሁን ወደ ጉለሌ እንመለስ። በባሕር ዛፍ ሥር መሬቱ ባዶ መሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። ነገር ግን ከዚህ ተራራ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ዕንጨት ብቻ ተሸክመው አይወርዱም። ቅጠሉንም ጠርገው በኬሻ ያወርዳሉ፤ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ለብዙ ዘመን ሲነድበት የኖረው ይህ ቅጠል ነው። ኑሮአቸውን ፈቀርተ ኃይሌ በ1991 በወጣው ጥናታቸው መዝግበውታል።

ይህ የቅጠል ጠረጋ ለክርክራችን ትልቅ ነገር ነው። ቅጠሉ የተጠረገ መሬት እርጥበቱን ቶሎ ያጣል፤ በዝናብ ይታጠባል፤ ማዳበሪያ የሚሆነውን ብስባሽ አያገኝም፤ ከመጥረጊያው ጋርም ገና የበቀለ ቡቃያ ይነቀላል። መርዙ የሚመጣው ከረገፈ ቅጠል ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ ከዓመት እስከ ዓመት በሚጠረግበት ቦታ መርዙ መቀነስ፣ ቡቃያውም መብዛት ነበረበት። የተጠረገው መሬት ባዶ ሆኖ ከቀረ ለመርዝ ክስ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ይመሰክራል።

ጠረጋና ግጦሽ በሚቀንስባቸው ቦታዎች የተሠሩትን ጥናቶች እንይ። ፈየራ ሰንበታና ደመል ተከታይ በ2001 በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በተተከሉ ደኖች ጥላ ሥር አገር በቀል ዛፎች እንደሚበቅሉ ጽፈዋል። ሁለቱ ከኔስሉንድ ጋር በ2002 ስለ ሙነሳ ሻሸመኔ ደን ባወጡት ጥናት ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድና ፓይን በተተከለባቸው ቦታዎች ውስጥ በራሳቸው የበቀሉ 55 ዐይነት አገር በቀል ዕንጨታም ዕፀዋት መዝግበዋል። በመርዝ በተሞላ መሬት እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። በዚያ በሙነሳ ሊውትገና ባልደረቦቻቸው በ2003፣ ማስረሻ ፈጠነና ኤርቪን ቤክ በ2004 ባወጡአቸው ሥራዎች እንደ ዝግባ ያሉትን ዛፎች ከባሕር ዛፍና ከፈረንጅ ጥድ ጋር አነጻጽረው የብርሃን አስተፃምሮን ብቃትና የውሃ አጠቃቀምን ለክተዋል። መሣሪያውም ዕውቀቱም በአገራችን እንዳለ ይህ ያሳያል፤ ያንን መሣሪያ ለመርዙ ጥያቄ ማዋል ይቻላል።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይቀራል። «ገበሬው ከባሕር ዛፍ አጠገብ ጤፍ እንደማይሆን በዐይኑ አይቶአል፤ እናንተ ከመጽሐፍ ትከራከራላችሁ» የሚለን አይጠፋም። ገበሬው ያየውን አንክድም። ያየው ግን ውጤቱን ነው፤ ምክንያቱን ገና መለየት ያስፈልጋል። ገበሬው ራሱ በማሳውና በባሕር ዛፉ መካከል ጥልቅ ቦይ ሲቈፍር የሚቈርጠው ሥር ነው፤ ቦይ ከላይ የሚረግፈውን ቅጠል አያግድም። ቦዩ ከጠቀመው ጠላቱ በአመዛኙ የውሃ ሽሚያ ነበር ማለት ነው። በዚህ ረገድ ገበሬው ከብዙ የቤተ ሙከራ ጽሑፎች የተሻለ ሙከራ ሠርቶአል።

፮. ክሱን የሚፈርድ ሙከራ

ሒስ መንቀፍ ብቻ እንዳይሆን የሚበጀውን እንናገር። ከአዲሱ ገበያ በሰሜን ምዕራብ በኩል የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከል አለ። በ2010 በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመ ሲሆን 705 ሄክታር ግድም ይሸፍናል፤ ባሕር ዛፉንም ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፎች የመተካት ዓላማ አለው። ለሙከራው ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

በአንድ የባሕር ዛፍ ተከላ ሥር ዕድሜያቸው እኩል የሆኑ የጥድ ችግኞች በአምስት ዐይነት መደብ ይተከሉ። በመጀመሪያው ምንም አይነካ። በሁለተኛው ቅጠሉ ይጠረግ። በሦስተኛው ዙሪያው በቦይ ተቈርጦ የባሕር ዛፍ ሥር ይወገድ። በአራተኛው አክቲቭ ካርቦን ይጨመር። በአምስተኛው ቦዩም ካርቦኑም ይሁን። ከተከላው ውጭ በገላጣ መሬት ደግሞ ሁለት ማነጻጸሪያዎች ይኑሩ፤ አንደኛው ካርቦን የተጨመረበት፣ ሁለተኛው ያልተጨመረበት። ይህ የሚያስፈልገው ካርቦን ራሱ በአፈሩ ምግብ ላይ ለውጥ ሊያመጣ ስለሚችል ነው። በዚሁ ምክንያት በአዲሱ ገበያ የሚሸጠው ተራ የማገዶ ከሰል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መርዝን የመምጠጥ ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ አመዱም አፈሩን ስለሚያዳብር ፍርዱን ያዛባል።

ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ይለካ። ቅጠል ከጨለማ ወጥቶ ብርሃን ሲያገኝ ክሎሮፊሉ ደካማ ቀይ ብርሃን መልሶ ያፈነጥቃል። ከዚህ ፍንጣቂ የፎቶሲስተም ቱ ብቃት ይሰላል፤ በጤነኛ ቅጠል ወደ 0.83 ይጠጋል። አንድ ውሕድ የኤሌክትሮኑን ጉዞ የዘጋ እንደ ሆነ ፍንጣቂው በመጀመሪያዋ ሰኮንድ ውስጥ ከተለመደው ፈጥኖ ይወጣል፤ ኤሌክትሮኖቹ መሄጃ አጥተዋልና። ችግሩ የውሃ ማነስ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚታየው የቀዳዳዎች መዘጋትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነስ ነው፤ ብቃቱ ለጊዜው ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ከተለኩ ሕመሙ ከቅጠሉ መምጣቱን ወይም ከሥሩ መምጣቱን መለየት ይቻላል። ልኬቱ በበልግና በክረምት መግቢያ፣ እንዲሁም በበጋ መካከል ይደረግ፤ ከላይ በሒሳብ እንዳየነው መርዝ ካለ የሚጠበቀው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ነውና።

ቦዩ ብቻ ችግኙን ካዳነ ነገሩ ሽሚያ ነበር። ካርቦኑ ብቻ ካዳነ መርዝ አለ። ሁለቱ በአንድነት ከእያንዳንዳቸው ይልቅ ከረዱ እንደ ስዊድኑ ሁለቱም ድርሻ አላቸው። አንዱም ካልረዳ ምናልባት ጥላው ነው፤ ወይም ጥዱ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ከእነዚህ መልሶች የትኛውም ቢመጣ ዛሬ ካለን የተሻለ ነው።

፯. የፍርዱ ዋጋ

ይህ ሁሉ ስለ አንድ ቃል የሚደረግ ክርክር ሊመስል ይችላል። ሆኖም ምክንያቱን መለየት በተራራው ላይ የሚሠራውን ሥራ ይለውጠዋል። አፈሩ ተመርዞአል ካልን ትክክለኛው ሥራ ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ ጨርሶ መቍረጥ፣ ቅጠሉን ማስወገድና መርዙ እስኪጠፋ መጠበቅ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ተዳፋት ላይ ይህ ማለት የክረምት ጐርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ታች ሰፈሮች የሚወርድበትን በር መክፈት ነው። ነገሩ የውሃ፣ የብርሃንና የጠረጋ ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው። ባሕር ዛፉ ይሳሳል፤ ጥዱ በክፍተቱ ውስጥ በክረምት መግቢያ ይተከላል፤ በየችግኙ ዙሪያ ቅጠሉ እንዳይጠረግ ይደረጋል፤ የቀረው ባሕር ዛፍም ችግኙ እስኪጠና ከነፋስና ከጐርፍ ይከልለዋል። ሲሳሳ የሚገኘውም ጭራሮና ቅርንጫፍ ከቅጠሉ ፋንታ ለማገዶ ለቃሚዎቹ ሊሰጥ ይችላል።

በመጀመሪያው መንገድ ከተራራው የሚባረሩት ሴቶች እንጀራቸውን የሚያጡት በማስረጃ ሳይሆን በወሬ ነው። በሁለተኛው መንገድ እነርሱም የጥዱ ጠባቂዎች የሚሆኑበት ዕድል አለ።

እኛም የጥድ ወዳጆች ነን፤ በዚህ ተራራ ላይ ጥድና ዝግባ ተመልሰው እንዲታዩ እንመኛለን። ጥድን የሚወድ ሰው ግን ጥዱ እንዳይመለስ ያደረገውን እውነተኛ ምክንያት ለማወቅ ከማንም ይልቅ መቸኰል ይገባዋል፤ ምክንያቱን ሳይለይ የተከለው ችግኝ ይደርቅበታልና። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ የሚፈልጉ ጓደኞቻችን በጤፍ ዘር ላይ ሌላ የቅጠል ዝፍዝፍ ከማፍሰስ ይልቅ ቦይ መቈፈሪያ ዶማና የክሎሮፊል መለኪያ ይዘው ወደ ተራራው ቢወጡ፣ መምህራኖቻችንም በዚህ ቢረዱአቸው፣ ይህ የቈየ ክስ በሁለት ክረምት ውስጥ ፍርድ ሊያገኝ ይችላል ብለን እናምናለን።